ከብቸናና ከሞጣ ወደ ስሪ ላንካ፤ ነጋዴ መንገድ ሳይጀምር ሊያሰናዳው ስለሚገባ ነገር

ንግድና መንገድ ከጥንት ጀምሮ የማይለያዩ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የጎጃም ነጋዴ በባሶ ገበያ ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ገዝቶ በበቅሎና በአህያ ከጫነ በኋላ ጎንደርን አልፎ እስከ ምጽዋ ይዘልቅ ነበር። በየኬላው የሚጠየቀውን ቀረጥ፣ ወንዙ የሚሞላበትን ወራት፣ በየሰፈሩ የሚያድርበትን ቤት አስቀድሞ ሳያውቅ የተነሣ ነጋዴ ግን ትርፉ ቀርቶ ዋናውም ይጠፋበት ነበር። ዛሬ መንገዱ በአየር ሆኖ ወሩ ወደ ቀን አጥሯል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ አልቀለለም፤ እንዲያውም ገንዘቡ የውጭ ምንዛሪ፣ ሕጉም የሁለት መንግሥታት ሕግ በመሆኑ ጥንቃቄው ከቀድሞው በዝቷል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የቅመማ ቅመም አስመጪዎችና የጥራጥሬ ላኪዎች ዓይናቸውን ከሚጥሉባቸው አገሮች አንዷ ስሪ ላንካ ናት። ይህች በህንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የሐሩር ደሴት 65,610 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖራት፣ ቀድሞ ሴይሎን ትባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ነጻነቷን አገኘች፣ በ1972 ደግሞ የዛሬውን ስሟን ያዘች። ቀረፋዋ፣ ሻይዋ፣ ኮኮናቷ፣ ጎማዋና የከበሩ ድንጋዮቿ በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። ምስርና ሽምብራ ደግሞ ከውጭ ትገዛለች። ከዚህም ሌላ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የነገሥታት ከተሞች ፍርስራሽ ስላላት፣ ለንግድ የሄደ ሰው እግረ መንገዱን ይህን ሳያይ ለመመለስ ልቡ አይፈቅድም።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ በምሳሌ ቢታይ መልካም ነው። አንድ የብቸና የእህል ነጋዴና አንድ የሞጣ ባለሱቅ በሽርክና ሆነው ቀረፋ ከስሪ ላንካ ለማምጣት፣ ሽምብራም ወደዚያ ለመላክ አሰቡ እንበል። የብቸናው በዕድሜ የገፋ፣ የሞጣው ገና ጎልማሳ ነው። ጎልማሳው በስልክ ከአንድ ሻጭ ጋር ተዋውቋል፤ የዕቃውም ሥዕል ደርሶታል።

«አያ፣ ሰውዬው ዋጋውን ከሌሎቹ በእጅጉ ዝቅ አድርጎልናል። ከመቶ ሠላሳውን አስቀድመን ብንልክለት በአንድ ወር ውስጥ አስጭናለሁ ይላል» ቢል፣ ሽማግሌው የሚመልስለት ይታወቃል።

«ልጄ፣ በሬ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን አይተን፣ አስኪደን ነው። የስንት ዓመት ጥሪታችንን በሥዕል ብቻ ለማናውቀው ሰው እንዴት እንሰጣለን? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል ተረቱ?»

እንግዲህ የጉዞው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ሳይሄዱ ገንዘብ መላክ አደጋ አለው፤ መሄድም ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ከሁለቱ የቱ እንደሚያዋጣ የሚለየው በዝግጅቱ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም

የዛሬው ነጋዴ ወደ ደሴቲቱ ሲሄድ አባቶቹ ያልረገጡትን መንገድ የሚጀምር አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያ ነጋዴ ኮስማስ፣ ንጉሥ ካሌብ በነገሠበት ዘመን በአዱሊስ ወደብ ተገኝቶ፣ በአገረ ገዢው ትእዛዝ በዙፋን ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት ለንጉሡ ገልብጧል። በኋላም በጻፈው መጽሐፍ፣ ያን ጊዜ ታፕሮባኔ ትባል የነበረችው ይህች ደሴት ከህንድ፣ ከፋርስና ከኢትዮጵያ መርከቦች የሚገናኙባት ታላቅ ገበያ መሆኗን፣ ከእርሷም ዕቃ ተጭኖ ወደ አዱሊስ ይመጣ እንደነበር ገልጧል። መርከቦቹ የክረምቱን ነፋስ ይዘው ወደ ምሥራቅ፣ የበጋውን ነፋስ ይዘው ወደ ምዕራብ ይጓዙ ነበር። አዱሊስ በዛሬዪቱ ኤርትራ ከምጽዋ በስተ ደቡብ የምትገኝ ስትሆን፣ ያን ጊዜ የአክሱም መንግሥት ዋና የባሕር በር ነበረች።

ኮስማስ ከጻፋቸው ሁሉ ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው የሶፓትሮስ ታሪክ ነው። ሶፓትሮስ የሮም ግዛት ነጋዴ ሲሆን ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ወደ ደሴቲቱ ደረሰ። በዚያው ጊዜ አንድ የፋርስ ሰውም ደርሶ ነበርና ሁለቱም በንጉሡ ፊት ቀረቡ። ንጉሡም ከነገሥታቶቻችሁ የሚበልጠው ማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ፋርሱ ቀድሞ የጌታውን ታላቅነት በብዙ ቃል ተናገረ። ሶፓትሮስ ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ እውነቱን ለማወቅ ብትወድ ሁለቱም ነገሥታት በእጅህ ናቸው፤ ገንዘቦቻቸውን አስመጥተህ ተመልከት አለ። የሮሙ ወርቅ፣ የፋርሱ ብር ነበርና ንጉሡ ሁለቱን አስተያይቶ ለሮም ፈረደ። ሶፓትሮስንም በዝሆን አስቀምጦ፣ ከበሮ እያስመታ በከተማው አዞረው። ይህን ታሪክ ለኮስማስ የነገሩት ራሱ ሶፓትሮስና አብረውት የሄዱት የአዱሊስ ሰዎች ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሰወረ የንግድ ሥርዓት አለ። በእንግዳ አገር የሚፈርደው የሚታይና የሚዳሰስ ዕቃ እንጂ የቃል ብዛት አይደለም። የብቸናው ነጋዴ ሽምብራውን በማመስገን ብዙ ከሚደክም፣ በአንድ ቁና ልክ የተበጠረና የተለቀመ ናሙና ይዞ ቢቀርብ ይሻለዋል። እንዲሁም የደሴቲቱን ቀረፋ በስልክ ሥዕል ሳይሆን በእጁ ሰብሮ፣ አሽትቶና ቀምሶ ቢፈርድ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

ስለ ወጪው አቈጣጠር

ብዙ ሰው የጉዞን ወጪ ከአውሮፕላን ቲኬትና ከሆቴል ኪራይ አያሳልፈውም። ነገር ግን ከብቸና ወይም ከሞጣ ለሚነሣ ሰው ወጪው ከቤቱ ደጅ ይጀምራል። በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሮ እስከ አዲስ አበባ፣ ወይም ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ወጥቶ በአውሮፕላን ለመሄድ የሚያስፈልገው መሳፈሪያ፣ ቲኬትና ቪዛ ሲጠበቅ በአዲስ አበባ የሚታደርበት ኪራይ፣ የክትባት፣ የትርጉምና የሰነድ ማረጋገጫ ወጪ፣ ሱቁ በሌላ ሰው እጅ ሲቆይ የሚጎድለው ትርፍ ሁሉ በአንድነት ሊደመር ይገባል።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸውና የስልክ መረብ የተቋረጠባቸው ቀናት እንደነበሩ የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ስለሆነም ቲኬት የቆረጠ ሰው በረራው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከቤቱ ለመነሣት ማሰብ የለበትም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ አዲስ አበባ መግባት፣ ቲኬቱንም ቀኑ ሊለወጥ የሚችል አድርጎ መግዛት ይበጃል። የዚህ ዓይነቱ ቲኬት ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ተቃጥሎ ከሚቀረው ርካሽ ቲኬት ይረክሳል።

ወጪው ከተደመረ በኋላ ሊገዛ ከታሰበው ዕቃ ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት። የዕቃው ዋጋ የጉዞውን ወጪ አምስት እጥፍ ብቻ ከሆነ፣ ጉዞው በየ100 ብሩ ዕቃ ላይ 20 ብር ይጨምራል፤ ይህን ጭማሪ የትኛውም የሞጣ ገዢ አይከፍልም። የዕቃው ዋጋ ሃምሳ እጥፍ ከሆነ ግን የሚጨመረው 2 ብር ብቻ ነው፤ ይህም በጥራት መሻሻልና በዋጋ ድርድር ሊመለስ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ጥቂት ዕቃ ለማምጣት የሚያስብ ነጋዴ ብቻውን ከሚሄድ ይልቅ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከጉንደ ወይንና ከሌሎችም አጎራባች ከተሞች ነጋዴዎች ጋር ተባብሮ አንድ ታማኝ ሰው በስማቸው ቢልክ ወጪው ይከፋፈላል፤ የሚገዛውም መጠን ስለሚበዛ በድርድር ላይ ኃይል ይሰጣል።

በሽርክና ለሚሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ሳይጻፍ መቅረት የለበትም። ከንግዱ ቀናት ሌላ ፍርስራሹን ለማየት የሚጨመሩት ሦስትና አራት ቀናት ወጪ በማን ሒሳብ ይያዛል? ተጓዡ የራሱን ደስታ በማኅበሩ ገንዘብ እንዳያደርግ፣ ቤት የቀረውም ወንድሙን በኋላ እንዳያማ፣ የንግዱ ቀን በማኅበሩ፣ የጉብኝቱ ቀን በተጓዡ ኪስ መሆኑ አስቀድሞ በወረቀት ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙበት። ስንት ሽርክና የፈረሰው በትልቅ ክሣራ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር መሆኑን ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

ስለ ሰነዶችና ስለ ገንዘብ

ለጉዞው የሚያስፈልጉት ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ፓስፖርት። ወደ ደሴቲቱ ከሚገባበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። በፓስፖርት ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከእኛ ጋር ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያሳሳታቸው ሰዎች ገና ብዙ ዓመት አለው ሲሉ ቀኑ አልፎባቸው ተገኝቷል።

2ኛ/ ቪዛ። ስሪ ላንካ የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት አስቀድሞ የሚጠየቅበት ሥርዓት አላት። ለንግድ የሚሄድ ሰው የጉብኝት ሳይሆን የንግድ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ማመልከቻውም በመንግሥቱ ትክክለኛ ገጽ እንጂ በማይታወቅ አማላጅ በኩል አይሁን። በሌላ አገር አውሮፕላን የሚለውጥ ተጓዥ የዚያ አገር የመተላለፊያ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ቲኬት ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

3ኛ/ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ በሽታው ሊገኝባቸው ይችላል ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከዚህ የሚሄድ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በመነሻው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። አንድ ጊዜ የተሰጠው ካርድ ግን እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

4ኛ/ የውጭ ምንዛሪ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የብሩ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ የጉዞው በጀት በብር ብቻ መሠራት የለበትም። ለመንገደኛ የሚፈቀደውን መጠንና የሚጠየቀውን ማስረጃ ነጋዴው ከራሱ ባንክ ጠይቆ ይረዳ። ከጥቁር ገበያ የተገዛ ዶላር ቢያዝ ገንዘቡም ስሙም አብረው ይጠፋሉ።

5ኛ/ የዕቃው ክፍያ። በጉዞው ላይ ዕቃ ታይቶ ዋጋ ይቈረጣል እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። ፕሮፎርማ ተቀብሎ ተመልሶ በባንክ በኩል ኤል ሲ መክፈት ሻጩንም ገዢውንም ይጠብቃል፤ ሻጩ የጭነት ሰነዱን ሳያቀርብ ገንዘቡን አይወስድምና። ስሪ ላንካ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል ያቋረጠችበት፣ ነዳጅና መድኃኒት ያጠራት ጽኑ ችግር ደርሶባት፣ በመጋቢት 2023 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ተፈቅዶላታል። ይህን የሚያስታውስ ነጋዴ የሻጩ ባንክ የትኛው እንደሆነና ከእኛ ባንክ ጋር ግንኙነት እንዳለው ሳይጠይቅ አይዋዋልም።

ስለ ወራቱና ስለ ቀናቱ

ደሴቲቱ ሁለት የዝናብ ወራት አሏት። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በኮሎምቦና በደቡቡ ክፍል ዝናብ ያወርዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ ያዘንባል። የንግዱ ከተማ በምዕራብ፣ ፍርስራሾቹ በሰሜን መካከለኛው ክፍል ስለሚገኙ፣ ሁለቱን ለማየት የሚስማማው ጊዜ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው። ይህም ጊዜ ለምሥራቅ ጎጃም ነጋዴ እጅግ የተመቸ ነው፤ የሽምብራው አዝመራ ተወቅቶ አዲስ ናሙና ይገኛልና። ዐቢይ ጾም ቢሆንም ጿሚው አይቸገርም፤ የአገሩ ዋና ምግብ ሩዝ ሆኖ በኮኮናት ወተት የተሠራ የምስርና የአትክልት ወጥ በየቦታው ይገኛል። በርበሬውም ለሐበሻ ምላስ እንግዳ አይደለም።

ቀጠሮ ሲያዝ የአገሩን በዓላት ማወቅ ያስፈልጋል። በስሪ ላንካ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ሁሉ ፖያ የሚባል የቡድሃ ሃይማኖት በዓል ነው፤ ባንክና መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ መጠጥም አይሸጥም። የሲንሃላና የታሚል ሕዝብ አዲስ ዓመት ደግሞ በሚያዝያ 5 እና 6 ቀን አካባቢ ስለሚውል፣ በዚያ ሳምንት ለንግድ የሄደ ሰው ሠራተኛው ሁሉ ወደ አገር ቤቱ ገብቶ ባዶ ቢሮ ያገኛል። ሰዓቱም ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። በኮሎምቦ በአውሮፓ አቈጣጠር ከጧቱ 9 ሰዓት ላይ የተያዘ የስልክ ቀጠሮ ለሞጣው ባለሱቅ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ስለ ገበያው

አውሮፕላን የሚያርፈው ከኮሎምቦ በስተ ሰሜን በምትገኘው በካቱናያኬ ነው። በከተማው ውስጥ ፔታ የሚባለው ሰፈር የአዲስ አበባ መርካቶን ያስታውሳል፤ አንዱ መንገድ ጨርቅ፣ ሌላው ቅመም፣ ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጥበታል። እዚያ ዋጋ ለመስማት እንጂ ለመግዛት አይቸኰልም። በጅምላ የሚልከው ነጋዴ ያለበት መጋዘን ተጠይቆ፣ ፈቃዱና የወጪ ንግድ ምዝገባው ታይቶ ነው ወደ ድርድር የሚገባው።

ስለ ቀረፋ ማንኛውም ባለሱቅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የስሪ ላንካው እውነተኛ ቀረፋ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ብዙ ቅርፊት አንዱ በሌላው ውስጥ የተጠቀለለ፣ በእጅ የሚሰበር፣ ጣዕሙም ለስለስ ያለ ነው። ካሲያ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ቅርፊቱ ወፍራምና ጠንካራ፣ ጥቅሉም አንድ ድርብ ብቻ፣ ጣዕሙም ኃይለኛ ነው። ሁለቱም ለሰው ምግብ ይሆናሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ይለያያል። ካሲያውን በእውነተኛው ቀረፋ ዋጋ የገዛ ነጋዴ ክሣራውን ወደ ደንበኛው ማሻገር አይችልም። ከተፈጨው ይልቅ ያልተፈጨውን መግዛት የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ስለ ሻይ ግን ጥቂት ማሰብ ይገባል። ኢትዮጵያ የራሷ የውሽውሽና የጉማሮ ሻይ ስላላት፣ ከውጭ ሻይ ለማምጣት ከመሞከር የደሴቲቱን የሻይ ታሪክ መማር ይበልጥ ይጠቅማል። ሴይሎን በ19ኛው መቶ ዓመት መካከል ሀብቷ ሻይ ሳይሆን ቡና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ታየና በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እርሻውን አጠፋው። ጀምስ ቴይለር የተባለ ሰው በ1867 ሻይ መትከል ጀምሮ ስለነበር ገበሬው ወደዚያ ዞረ፤ በ1883 የኮሎምቦ የሻይ ጨረታ ተከፈተ። በአንድ ሰብል ላይ ብቻ የተደገፈ ንግድ አንድ ቀን እንደሚወድቅ፣ አማራጭ ያዘጋጀ ግን ወድቆ እንደሚነሣ ለቡና አገር ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ስለ ጥንታውያን ከተሞች

የንግዱ ሥራ ካለቀ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዪቱ አኑራዳፑራ ናት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ እስከ 10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከሺሕ ዓመት በላይ የነገሥታቱ መቀመጫ ነበረች። በዚያ ያለው ጄታቫናራማ የተባለው የጡብ ሕንፃ በ3ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ማሃሴና ዘመን የተጀመረ ሲሆን፣ ቁመቱ 122 ሜትር ያህል ስለነበር በዘመኑ ከግብፅ ታላላቅ ፒራሚዶች ቀጥሎ የሚቈጠር ነበር። ሶፓትሮስና የአዱሊስ ሰዎች ደሴቲቱን በረገጡበት ዘመን የመንግሥቱ ከተማ ይህች ነበረች።

ሁለተኛው ሲጊሪያ ነው። ንጉሥ ካሽያፓ ከ477 እስከ 495 ዓመተ ምሕረት እ.ኤ.አ. ሲነግሥ፣ ከዙሪያው ሜዳ ወደ 180 ሜትር ከፍ ባለ አለት ራስ ላይ ቤተ መንግሥቱን ሠራ። ዛሬ በድንጋይ የተቀረጹት የአንበሳ እግሮች በመውጫው ግራና ቀኝ ይታያሉ። ደረጃው ከሺሕ በላይ ስለሆነ በማለዳ መጀመር ያሻል፤ ልቡ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ከታች ሆኖ ቢመለከተው አያፍርም። ሦስተኛዪቱ ፖሎናሩዋ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት በታላቁ ፓራክራማባሁ ዘመን የለማች ከተማ ናት። ይህ ንጉሥ የዝናብ ውኃ ለሰው ሳይጠቅም ወደ ባሕር እንዳይፈስ ይመኝ የነበረ ሲሆን፣ ያሠራው ታላቅ የውኃ ግድብ እስከ ዛሬ የሩዝ እርሻ ያጠጣል። ሦስቱም ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ1982 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የመግቢያው ዋጋ ለውጭ አገር ሰው ከፍ ያለ ስለሆነ በበጀቱ ይያዝ።

በእነዚህ ሥፍራዎች ሃይማኖታዊ ሥርዓት ይጠበቃል። ጫማና ባርኔጣ ይወለቃል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ለቡድሃ ምስል ጀርባ ሰጥቶ ፎቶግራፍ መነሣት ነውር ነው። ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ላደገ የጎጃም ሰው ይህ ሁሉ አይከብደውም።

በእጅ ስላለው

ስለ ሩቅ ፍርስራሽ ይህን ያህል ከተነገረ ዘንድ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል ካለው መንገድ ወጣ ብሎ ስለሚገኘው ስለ መርጡለ ማርያም ዝም ማለት አይገባም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን በግራኝ ጦርነት ጠፍቶ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ እንደገና ተሠርቶ ነበር። ቅርጻቅርጽ ያለበት የድንጋይ ግንቡ ፍራሽ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በብቸና አቅራቢያም የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደተባለው፣ ሲጊሪያን ለማየት ባሕር የሚሻገር ሰው መርጡለ ማርያምን ሳያይ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ስሪ ላንካ በፍርስራሾቿ ዙሪያ መንገድ፣ ማደሪያና አስጎብኚ በማዘጋጀቷ በየመንደሩ ያለው ባለሱቅ እንኳ እንጀራ አግኝቷል። ተጓዡ ነጋዴ ቀረፋ ብቻ ሳይሆን ይህንም ሥራ አይቶ ቢመለስና፣ ሰላም ሲጸና በአገሩ ሊሠራ የሚቻለውን ቢያስብ ትርፉ ድርብ ይሆናል።

ወደ ምሳሌው ሲመለሱ፣ ሁለቱ ሸሪኮች ሒሳቡን ሠርተው የመጀመሪያው ትእዛዛቸው ጉዞውን ለብቻው የሚሸከም አለመሆኑን ቢያገኙ፣ የሚያዋጣቸው እንደ እነርሱ የሚያስቡ ሌሎች ነጋዴዎችን መፈለግ ነው። ከዚያም ሽማግሌው፦

«አንተ ሂድ፤ እግርህ ለደረጃው፣ ቋንቋህም ለድርድሩ ይሻላል። እኔ የምሰጥህ አንድ ከረጢት ሽምብራ ነው፤ እርሱ ስለ እኔ ይናገራል» ቢል፣ የጥንቶቹ የአዱሊስ ሰዎች በንጉሡ አደባባይ ያዩትን ትምህርት ሳይሰማ ያወቀ ነጋዴ ነው።

ስለሆነም ለጉዞ የሚያስብ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ ሁሉ ከመነሣቱ ሦስት ወር ቀድሞ ወጪውን ደምሮ፣ ሰነዱን አሟልቶ፣ ናሙናውን ለቅሞ፣ ከሸሪኩ ጋር ተፈራርሞ ይቈይ። ይህን ካደረገ በኋላ ሒሳቡ አያዋጣም ካለው በቤቱ ቢቀመጥ ኪሣራ አይባልም፤ ያልባከነ ገንዘብ እንደ ትርፍ ይቈጠራልና።